ተቀያሪ የሌለው ጎማ፦ በጊዜ የቆመ ያሸንፋል

ኦክቶበር 26 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.፣ አውስትራሊያ፣ አደላይድ። የዓመቱ የመጨረሻ የፎርሙላ ዋን ውድድር እየተካሄደ ነው። እንግሊዛዊው ናይጄል ማንሴል የዓለም ሻምፒዮን ለመባል ሦስተኛ መውጣት ይበቃዋል። ከ82ቱ ዙሮች 63ቱ አልቀዋል፤ ማንሴልም የሚበቃው ቦታ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ዋንጫው በእጁ የገባ መስሏል። በ64ኛው ዙር ግን በቀጥታው መንገድ ላይ በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲከንፍ የዊሊያምስ መኪናው የግራ የኋላ ጎማ ፈነዳ። መኪናው መሬት እየፋቀ ብልጭታ ረጨ፤ ማንሴል ከመሪው ጋር ታግሎ እንደምንም አቆመው። ነፍሱ ተረፈች፤ ዋንጫው ግን ሄደ።

ማን ወሰደው? የማክላረኑ ፈረንሳዊ አሌን ፕሮስት። ነገሩን ጉድ የሚያሰኘው ደግሞ ይኼ ነው። ፕሮስት በዚያው ውድድር በ32ኛው ዙር ላይ የራሱ ጎማ ተነፍሶበት ለመቆም ተገዶ ነበር። ያን ጊዜ ተመልካቹ “አለቀለት” ብሎ ፈርዶበታል። የጉድዪር ባለሙያዎች ከመኪናው የወለቁትን ጎማዎች አገላብጠው አይተው የሌሎቹም ጎማ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል ብለው ገመቱ። ስለዚህ ማንሴል አልቆመም። ከእሱ ቀድሞ ሲመራ የነበረው ኬኬ ሮዝበርግም በጎማ ምክንያት ከውድድሩ ወጣ። የማንሴል የቡድን ጓደኛ ኔልሰን ፒኬ ደግሞ አደጋው ከደረሰ በኋላ ለጥንቃቄ ተጠርቶ ጎማ ቀየረና ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በግድ ቀድሞ የቆመው ፕሮስት ውድድሩን አሸነፈ፤ የዓመቱንም ክብር በ72 ለ70 ነጥብ ወሰደ።

እንግዲህ ጎማ እንዲህ ነው፤ ከመተንፈሱ ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ሳይቆሙ መዘግየቱ ነው። ይኼ የአደላይድ ትምህርት ዛሬ ከመገናኛ ተነስቶ ወደ እንጦጦ ለሚወጣው፣ ወይም በኮተቤ ካራ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን ለሚሄደው አሽከርካሪም ይሠራል። ምክንያቱም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ስኮርታ የሌላቸው መኪናዎች እየበዙ መጥተዋል።

ስኮርታው የት ገባ?

የአዲስ አበባ ሹፌር መኪና ሲገዛ ከሞተሩ ቀጥሎ የሚያየው ነገር ቢኖር ስኮርታ፣ ክሪክና የጎማ መፍቻ መኖራቸውን ነው። ከጣሊያን ቋንቋ የመጣው “ስኮርታ” የሚለው ቃል በከተማው ሰው አፍ የገባው ከመኪናው ጋር ነው። በላዳና በኮሮላ ዘመን ያለ ስኮርታ ከቤት መውጣት ያለ በረኛ ሜዳ እንደ መግባት ይቆጠር ነበር።

የስፖርት መኪና ሠሪዎች ግን ስኮርታን ጠላት አድርገው ማየት የጀመሩት ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ክብደት ነው። ሙሉ ጎማ ከነቸርኬው፣ ከክሪኩና ከመፍቻው ጋር ሲደመር በቀላሉ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሆናል። ለፍጥነት የተሠራ መኪና ደግሞ እያንዳንዱን ኪሎ ይቆጥራል። ሁለተኛው ቦታ ነው። ሞተሩ ከኋላ ወይም ከመካከል የተቀመጠበት መኪና ስኮርታ የሚያስተኛበት ሰፊ ሆድ የለውም። የቀድሞዎቹ ፖርሽ 911 መኪናዎች ለዚህ ሲባል ንፋሱ ወጥቶ የታጠፈ ስኮርታና በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ንፋስ መሙያ ይዘው ይዞሩ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ነው። የስፖርት መኪና የፊትና የኋላ ጎማ እኩል አይደለም። በቅርብ ዓመታት የተሠራውን ፖርሽ 911 ካሬራ ኤስ ብንወስድ የፊት ጎማው ስፋት 245 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 305 ሚሊ ሜትር ነው። የቸርኬዎቹም መጠን ይለያያል፤ ከፊት 20፣ ከኋላ 21 ኢንች። ታዲያ አንድ ስኮርታ ቢያዝ ለየትኛው ሊሆን ነው? ለአጥቂውም ለተከላካዩም የሚሆን አንድ ተቀያሪ ማግኘት ከባድ ነው።

በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛው ትውልድ ሼቭሮሌት ኮርቬት ስኮርታን ጨርሶ አስቀርቶ ንፋሱ ቢወጣም ለጊዜው መሄድ በሚችል ጎማ ቀረበ። የጎማውን ንፋስ ለአሽከርካሪው የሚናገር መቆጣጠሪያም ተገጠመለት። ቢ.ኤም.ደብሊውም ይህንኑ ጎማ በብዙ መኪናዎቹ ላይ አስለመደ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከስፖርት መኪና አልፎ ወደ ተራው የቤት መኪና ወረደ።

ወደ እኛ አገር ሲመጣ ደግሞ የመኪናው ገበያ ራሱ ተቀይሯል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በሲ.ኤም.ሲ.፣ በአያትና በመገናኛ መንገዶች ላይ ኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከእነዚህም ብዙዎቹ እንደ ስፖርት መኪና ስኮርታ የላቸውም። ባትሪው የወለሉን ቦታ ይዞታል፤ ክብደቱም እንደዚያው። የመኪናው ወለል ተገልጦ ሲታይ በስኮርታው ፋንታ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ተቀምጣለች።

ኳስ ከ1970 በፊት

ኳስ ወዳዱ አንባቢ ነገሩን በዚህ መንገድ ቢያየው ይቀለዋል። በዓለም ዋንጫ ላይ እስከ 1970 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮ ውድድር ድረስ ተጫዋች መቀየር የሚባል ነገር አልነበረም። የተጎዳ ተጫዋች ወይ ይወጣል፣ ቡድኑም በጎደሎ ይጫወታል፤ ወይ እያነከሰ ሜዳ ላይ ይቆያል። በ1966 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ብራዚል ከፖርቱጋል ጋር ስትጫወት ፔሌ ተደጋግሞ ተረግጦ እያነከሰ ጨዋታውን የጨረሰው ለዚህ ነው። ብራዚልም 3 ለ 1 ተሸንፋ ወደ አገሯ ተመለሰች። ሜክሲኮ ላይ ሁለት ተጫዋች መቀየር ተፈቀደ፤ ዛሬ አምስት ደርሷል።

በኳሱ ተቀያሪ እየጨመረ ሲሄድ መኪናው ግን የኋሊት ተጓዘ። ስኮርታ የሌለው መኪና ከ1970 በፊት እንደነበረ ቡድን ነው፤ አራት ገብተዋል፣ አራቱ መጨረስ አለባቸው። አንዱ ካነከሰ አሽከርካሪው ቀያሪ አሠልጣኝ መሆን አይችልም። ያለው ምርጫ የተጎዳውን ተጫዋች የበለጠ ሳይጎዳ ከሜዳ ማውጣት ነው።

ከመገናኛ እስከ እንጦጦ

የካ ክፍለ ከተማ ለዚህ ዓይነቱ መኪና ቀላል ሜዳ አይደለም። ታችኛው ክፍል፣ ከሾላ ገበያና ከመገናኛ እስከ ላምበረትና ኮተቤ ያለው፣ ቀኑን ሙሉ በሚኒባስ፣ በአይሱዙና በሲኖትራክ የተሞላ ነው። ግንባታ ባለበት ሁሉ ሚስማር፣ የታሠረበት ሽቦና የፌሮ ቁራጭ አይጠፋም። ላይኛው ክፍል ከቀበናና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ ባሕር ዛፉ ይወጣል። የከተማው መሐል ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በአጭር ርቀት ብዙ መቶ ሜትር መውጣት፣ ከዚያም ያንኑ መውረድ ማለት ነው።

እንጦጦ ድሮም የስፖርት ቦታ ነው። እነ ኃይሌ ገብረሥላሴ ሳንባቸውን ያጠነከሩት በእነዚህ ዳገቶች ላይ ሲሆን ዛሬም አትሌቶች በማለዳ ይሮጡበታል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡን ጭኖ የሚወጣው ሰው በዝቷል። ፎቶ ለመነሳት መኪናውን አሳጥቦ የሚመጣ ሙሽራም አለ።

ችግሩ የሚጀምረው ጎድጓዳው ላይ ነው። የተለመደው የኮሮላ ጎማ፣ 195/65 የሚባለው፣ ከቸርኬው እስከ መሬት ያለው የጎን ቁመት 12.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የፖርሹ የፊት ጎማ፣ 245/35፣ ይኸው ቁመቱ 8.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ኮሮላው ጎድጓዳ ውስጥ ሲገባ ጎማው ተጨምቆ ምቱን ይውጥለታል። ባለ አጭር ጎኑ ግን የሚጨመቅበት ቦታ ስለሌለው ጎማው በቸርኬውና በአስፋልቱ ጠርዝ መካከል እንደ መቀስ ይቆረጣል። በክረምት ደግሞ ጎድጓዳው ውኃ ሞልቶ ሜዳ ይመስላል። ይኼን የሚያውቅ አሽከርካሪ ኩሬ ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የማያውቀው ግን ቸርኬ ለመግዛት ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሄዳል።

ከፍታው በጎማ ንፋስ ላይ ችግር ያመጣል ብሎ የሚሰጋም ሰው አለ። እንጦጦ ድረስ መውጣት በመለኪያው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ቢሆን ነው። ከዚያ ይልቅ ልብ መባል ያለበት የሙቀት ለውጥ ነው። የጎማው አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲሞቅ ንፋሱ ከ1 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ስለዚህ ንፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ስንት ይሁን የሚለው ደግሞ በጎሚስታው ግምት አይወሰንም፤ በአሽከርካሪው በር ጠርዝ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የመጀመሪያዋ ደቂቃ

እንበልና መኪናው ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ ፈረንሳይ እየወረደ ነው። መሪው ወደ አንድ ወገን መሳብ ጀመረ፤ የፊት ጎማ መተንፈሱ ነው። ወይም የመኪናው ጀርባ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ያ የኋላ ነው። ዳሽቦርዱ ላይም ቢጫ መብራት በርቷል። ጨዋታው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ደንጋጣ አሽከርካሪ ፍሬኑን በኃይል ይረግጣል። ይኼ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ንፋስ የሌለው ጎማ መንገዱን ስለማይጨብጥ መኪናው ሊሽከረከር ይችላል። ትክክለኛው መሪውን በሁለት እጅ ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ የነዳጁን ፔዳል ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ በማርሽ ፍጥነቱን ማስከን፣ ፍሬኑን በመጨረሻ ለስለስ አድርጎ መያዝ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ፔዳሉ ሲለቀቅ በራሱ ስለሚይዝ ለቁልቁለት ይመቻል፤ ቢሆንም ፔዳሉን በአንድ ጊዜ መልቀቅ አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት “እስከ ሰፈር ልድረስ” የሚለው ነው። ንፋስ የሌለው ተራ ጎማ የመኪናውን ክብደት በጎኑ ይሸከማል። ጎኑ እየታጠፈ ሲዞር ይግላል፤ ውስጡ ያለው ክር ይበጣጠሳል፤ ላስቲኩ እንደ ዱቄት ይረግፋል። በሚስማር ብቻ ተበስቶ በጥቂት ደቂቃ ሊጠገን ይችል የነበረ ጎማ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ከተነዳበት በኋላ ለምንም አይሆንም። ቸርኬውም ይከተላል። በ1979 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ዛንድቮርት ካናዳዊው ዢል ቪልነቭ የፌራሪው የግራ የኋላ ጎማ ሲፈነዳ መኪናውን እየጎተተ አንድ ዙር ሙሉ ነድቶ ወደ ጋራዡ ገባ። ተመልካቹ ጀግንነቱን አደነቀ፤ መኪናው ግን ከዚያ በኋላ ወደ ውድድር የሚመለስ አልነበረም።

“ሉዊስ ሃሚልተን በሦስት ጎማ አሸንፎ የለም እንዴ?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ኦገስት 2 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በሲልቨርስተን የመጨረሻው ዙር ላይ የግራ የፊት ጎማው ተንፍሶ እየተንገታገተ ገብቶ ማክስ ቬርስታፐንን በ5.8 ሰከንድ በልጦ አሸነፈ። ነገር ግን ሃሚልተን ሊጨርስ የቀረው ግማሽ ዙር ገደማ ነበር፤ ከተከታዩም ከሚበቃ በላይ ርቀት ነበረው። የቡድን ጓደኛው ቫልተሪ ቦታስ ግን ሁለት ዙር ቀድሞ ተንፍሶበት ከሁለተኛነት ወደ 11ኛ ወርዷል። ከእንጦጦ ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ የፍጻሜ ባንዲራ የሚያውለበልብ የለም።

ስለዚህ መቆም ነው። ግን የትም አይደለም። ጠመዝማዛ ላይ፣ ከላይ የሚመጣ ከባድ መኪና በማያይበት ቦታ ከመቆም እንደ ሰው እርምጃ እያሉ ወደ ቀጥታው መውጣት ይሻላል። ጎማ በገንዘብ ይተካል። አራቱንም ፍሬቻ ማብራት፣ የእጅ ፍሬን መሳብ፣ ጎማ ሥር ታኮ ማድረግ፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ የግድ ነው። አንጸባራቂ የሌለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ድንጋይ መደርደሩ የታወቀ ነው፤ ሲሄድ ግን ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ለሚቀጥለው ሰው ወጥመድ ማጥመድ ነው። ልጆችና ተሳፋሪዎች ወርደው ከመንገዱ ዳር በላይኛው ወገን ይቁሙ።

ቦርሳዋ ውስጥ ምን አለ?

ስኮርታ የሌለው መኪና ከሦስት ነገሮች አንዱን ይዟል። የመጀመሪያው ተንፍሶም የሚሄደው ጎማ ነው። ጎኑ በወፍራም ላስቲክ ስለተሠራ ንፋስ ባይኖርም ክብደቱን ይሸከማል። አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሚፈቅዱት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳያልፉ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ድረስ መሄድ ነው። ይኼ ማለት ከመገናኛ ቤት ድረስ ያደርሳል፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ለሚርቀው ደብረ ብርሃን ግን አይበቃም። ደግሞም አሽከርካሪው መተንፈሱን ላያውቀው ስለሚችል ቢጫው መብራት በርቶ እያለ “ሴንሰሩ ነው የተበላሸው” ብሎ መሄድ አደጋ አለው።

ሁለተኛው በቦርሳዋ ውስጥ የሚገኘው የማሸጊያ ፈሳሽና ትንሿ ንፋስ መሙያ ነው። ፈሳሹ በንፋስ መሙያው አፍ ገብቶ ከውስጥ ቀዳዳውን ይደፍናል። መርሳት የሌለብን ወሰን አለው። የሚሠራው መሬት በሚነካው የጎማ ፊት ላይ ላለና ከ6 ሚሊ ሜትር ለማይበልጥ ቀዳዳ ነው፤ የተሰነጠቀ ጎን አይደፍንም። ሚስማሩ ካለ አይነቀልም፤ እንደ ቡሽ ይዞታልና። ፈሳሹ ከገባ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ፣ ቆሞ፣ ንፋሱ እንደገና ይለካል። ጠርሙሱ ላይ የማብቂያ ቀን ተጽፏል። መኪናው አሮጌ ሆኖ ከውጭ የመጣ ከሆነ ያ ቀን ካለፈ ሰንብቶ ይሆናል፤ የሚያየው ግን የለም።

ሦስተኛው “ምንም” ነው። የቀድሞው ባለቤት ፈሳሹን ተጠቅሞበታል፤ ንፋስ መሙያው በመንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ቦርሳዋ ባዶ ናት። መኪና የሚገዛ ሰው ይኼን አስቀድሞ ማየት አለበት። ቸርኬው የራሱ መፍቻ የሚጠይቅ የሌባ መከላከያ ቡሎን ካለውም መፍቻው መኖሩን ያረጋግጥ። ያ መፍቻ ከጠፋ ጎሚስታ ቢመጣም ጎማው አይፈታም።

“አለቃ፣ ስኮርታ አውጣ!”

ፎርሙላ ዋን መኪናም እኮ ስኮርታ የለውም። እሱ ግን ከ20 የማያንሱ ሰዎች በጋራዡ ፊት ተደርድረው ይጠብቁታል። በ2023 እ.ኤ.አ. ካታር ላይ የማክላረን ሠራተኞች የላንዶ ኖሪስን አራት ጎማ በ1.80 ሰከንድ ቀይረው ክብረ ወሰን ይዘዋል። የአዲስ አበባ ሰውም የራሱ ሠራተኛ አለው፤ ጎሚስታው ነው። በየመንገዱ ዳር አሮጌ ጎማ አቁሞ ምልክት ያደረገ፣ የሳሙና ውኃ በባልዲ የያዘ፣ ኮምፕረሰሩ የሚጮኽ ጎሚስታ በየካ ጥቂት ከተራመዱ አይጠፋም። ፍጥነቱ 1.80 ሰከንድ ባይሆንም የሚናቅ አይደለም።

ንግግሩም የታወቀ ነው። “አለቃ፣ ስኮርታ አውጣ!” “የለውም።” “እንዴት የለውም? ይኼን የመሰለ መኪና!” “ሲሠራም የለውም ወንድሜ።” ጎሚስታው ራሱን ይነቀንቃል።

እዚህ ላይ ባለመኪናው ዝም ብሎ መቆም የለበትም። ማሸጊያ ፈሳሽ ተጠቅሞ ከሆነ ጎማው ከመፈታቱ በፊት ይናገር፤ ጎሚስታው ፊት ላይ እንዳይረጭ፣ ውስጡም እንዲታጠብ። ከቸርኬው ጋር የተያያዘውን የንፋስ መቆጣጠሪያ ሴንሰርም ይጠቁም፤ በብረት ዘንግ ተመቶ ሊሰበር ይችላልና። አጭር ጎን ያለው ጎማ በመዶሻና በዘንግ ሲፈታ ቸርኬው ይጫጫራል፣ ጠርዙም ይቀደዳል፤ ማሽን ያለው ጎሚስታ ጋ መውሰድ ይመረጣል።

የተበሳው የጎማ ፊት ከሆነ ከውጭ የሚሰካው የላስቲክ ገመድ ለጊዜው ያደርሳል። ጎማው ተፈቶ ከውስጥ የሚለጠፈው ግን የበለጠ ይታመናል። ጎኑ የተቀደደውን መለጠፍ ወይም ካላማዳሪያ ከትቶ መንዳት ግን ቁማር ነው። ካላማዳሪያው ንፋሱን ይይዝ ይሆናል፤ የተቆረጠውን የጎማ ክር ግን አይመልሰውም። በቁልቁለት ላይ በሙቀት ሲፈነዳ አሽከርካሪው የማንሴል ዕድል ይኑረው አይኑረው አይታወቅም።

ኤሌክትሪክ መኪና ሲነሳ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ወለሉ ሙሉ ባትሪ ስለሆነ ክሪክ የሚገባው አምራቹ ምልክት ባደረገበት ቦታ ብቻ ነው። በግምት መሐል ወለሉን ማንሳት የባትሪውን ሽፋን ሊቀጠቅጠው ይችላል። በተዳፋት ላይም ክሪክ መትከል አይመከርም። መኪናው መሄድ ካልቻለ ደግሞ በገመድ አስሮ መጎተት ሳይሆን አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ በጫኝ መኪና መወሰድ አለበት፤ የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ እየዞረ ሲጎተት ሞተሩም አብሮ ይዞራልና።

የሳፋሪው ብልሃት

ለእኛ መንገድ ከፎርሙላ ዋን ይልቅ የሚቀርበው የጎረቤት ኬንያ የሳፋሪ ራሊ ነው። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድንጋይ፣ በአቧራና በጭቃ ላይ የሚካሄደው ይኼ ውድድር በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮናው ሲመለስ መኪናዎቹ ያለ ስኮርታ አልመጡም። ፍጥነት ወዳዶቹ ራሊስቶች ከባድ መሆኑን እያወቁ ስኮርታ ይጭናሉ፤ ሲተነፍስም ሹፌሩና ረዳቱ ራሳቸው ወርደው ይቀይራሉ። በ2022 ፈረንሳዊው ሰባስቲያን ኦዢዬ ለድል ሲፎካከር ጎማው ተነፍሶበት ወደ ኋላ ቀርቶ አራተኛ ወጣ። በሳፋሪ የሚያሸንፈው ሁልጊዜ ፈጣኑ አይደለም፤ ድንጋዩን አይቶ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ነው።

ስኮርታ የሌለው መኪና ያለው ሰውም ወደ ክፍለ ሀገር ሲወጣ ይኼን ብልሃት መዋስ ይችላል። ለመኪናው የሚሆን ቀጭን ጊዜያዊ ስኮርታ ከተገኘ፣ በፍሬኑ ላይ መግባቱ አስቀድሞ ተሞክሮ፣ ከክሪክ ጋር መጫን ነው። ካልተገኘ የሚሠራ ንፋስ መሙያ፣ ቀኑ ያላለፈ ማሸጊያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንትና አንጸባራቂ ይያዝ። ሰንዳፋ፣ አለልቱና ሸኖ ላይ ጎሚስታ አለ፤ ባለ 20 ኢንች ጎማ ግን በየከተማው መደርደሪያ ላይ አይጠበቅም። ለዚህ ነው ሁለት ጎማ ሲያልቅ አራቱንም ማየት፣ የጎማውን መጠንም ስልክ ላይ መዝግቦ መያዝ የሚጠቅመው።

ከሁሉም በላይ የማያስከፍለው መድኃኒት ጠዋት መኪናውን አንዴ ዞሮ ማየት ነው። የአይሱዙ ረዳት ከመነሳቱ በፊት ጎማዎቹን በዱላ ወይም በመዶሻ እየመታ ድምፁን የሚያዳምጠው ወዶ አይደለም። ዱላውን ያልያዘ ባለ ዘመናዊ መኪና በዓይኑ ይይ፣ መለኪያም ይግዛ። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ያለ ተቀያሪ ወደ ሜዳ ቢገባም ቢያንስ አራቱ ተጫዋቾቹ ጤነኛ መሆናቸውን አውቆ ነው የሚገባው።